የእናቴ እጅ ዘንጉ ላይ አልነበረም

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ ግፊት ያለባቸው እናት አባት ያሏችሁ፣ እባካችሁ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። በ«ነጻ ምርመራ» ስም እንክብል ከሚሸጥ ቢሮ የወጣሁት ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ እጄ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ስሙን አልጠራም፣ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ፎቅ ላይ ነው። ነጭ ጋዋን አለ፣ ግድግዳው ላይ መኪና የተሸለሙ ሰዎች ፎቶ አለ፣ «ነጻ ምርመራ» አለ፣ «ፓኬጅ» አለ፣ ከስርህ ሁለት ሰው ስታስገባ የምታገኘው ኮሚሽን አለ። የወሰደችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። የሷን ጉዳይ ለሌላ ቀን አቆየሁት።

እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ ሐይቅ ነው የምትኖረው። ግፊት እንዳለባት ካወቀች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ በቀን አንድ ባለ 5 ሚሊግራም አምሎዲፒንና አንዲት አስፕሪን ትወስዳለች። በቃ፣ በዚያች ደህና ነበረች። አልፎ አልፎ «ልቤን ዘለል ዘለል ያደርገኛል» ስትል ነው እኔ የተረበሽኩት። በሚኒባስ አመጣኋት። የልብ ምርመራ ያሉትን ነገር ሦስተኛ ፎቅ ላይ አድርገውታል፣ አሳንሰር የለም፤ እናቴ ሁለት ቦታ ቁጭ ብላ አርፋ ነው የወጣችው። ያኔ መመለስ ነበረብኝ።

ልጅቷ ስትቀበለን ማር ናት። «እማማ ይግቡ፣ እማማ ይቀመጡ፣ ጋሼ እርስዎም እዚህ አረፍ ይበሉ።» እኔ ገና 37 ዓመቴ ነው፤ ጋሼ ስባል ደስ አለኝ መሰለኝ።

ማሽኑ ማለት ከላፕቶፕ ጋር በገመድ የተያያዘች፣ በእጅ የምትጨበጥ ጥቁር ዘንግ ናት። ልጅቷ ዕድሜ ጠየቀች፣ ኪሎ ጠየቀች፣ ቁመት ጠየቀች፣ ጻፈች። እናቴ ዘንጉን ጨበጠች። ስክሪኑ ላይ የልብ ስዕል መጣ፣ መስመሮች ይሮጡ ጀመር፣ ከስር በመቶኛ ይቆጥራል። 40 አለፈ፣ 45 አለፈ። በዚህ መሀል የእናቴ ሻርፕ ከራሷ ላይ ተንሸራተተ። ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሁለት እጇ ሻርፑን ታስተካክል ገባች። ስክሪኑን አየሁት። 51፣ 52፣ 53። መስመሩ ይሮጣል፣ ልቡ ይመታል፤ የእናቴ ልብ እንዳይባል የእናቴ እጅ እዚያ የለም። ልጅቷ ዘንጉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ፈገግ ብላ «ችግር የለውም፣ ኢነርጂው ገብቷል» አለችኝ።

እንግዲህ እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። 11 ዓመት ሽቦ ስዘረጋ ነው የኖርኩት። ቴስተሬን ከመስመሩ ላይ አንስቼው 220 ካነበበልኝ ቴስተሩን ነው የምጥለው፤ ይህን ለማወቅ አንድ ቀን የሠራ ረዳት ይበቃል። ዝም አልኩ! ወላሂ አየሁ፣ ገባኝ፣ ዝም አልኩ። እናቴ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላለች፣ ከወረቀቱ ላይ ቀይ ቀዩ ወጣ፣ «የልብ ደም ስር 71 በመቶ በቅባት ተዘግቷል» ተባለ፣ እሷ «ያ አላህ» አለች። እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ ያወጣኋት ቃል «ስንት ነው?» የምትል ናት።

14,600 ብር። የዓሣ ዘይት ኦሜጋ 3፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ «የልብ ሻይ»። ለመሰርሰሪያ ማሽን ያጠራቀምኩት ነበር። በስልክ ላክሁ፤ የተላከለት ስም የድርጅት ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ነው፣ ይህንንም አየሁ፣ ይህንንም አሳለፍኩ። ደረሰኝ ስል «ሲስተም የለም፣ ነገ» ተባልኩ። ልንወጣ ስንል ደግሞ ልጅቷ የእናቴን እጅ ይዛ «እማማ፣ ያን ኬሚካል ይተዉት፣ ኩላሊት ነው የሚጨርሰው፤ ተፈጥሮ እያለልዎት» አለቻት።

እናቴ ሰው ታምናለች። ተወችው። እኔ ደሴ ሆኜ በስልክ «እንክብሉን ዋጥሽ?» እላለሁ እንጂ ስለ አምሎዲፒኑ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። በ17ኛው ቀን ሌሊት ራሷን ፈለጣት፣ ዓይኗ ብዥ አለባት፣ ጎረቤት በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሳት። 198 በ112። ሪፈር ተጽፎላት ደሴ ሁለት ሌሊት ተኛች። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ደህና ናት።

ሐኪሙ ጠርሙሶቹን ሳሳየው አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የነጭ ሽንኩርት እንክብል ከአስፕሪን ጋር ሲደራረብ የመድማት ዕድልን ሊጨምር እንደሚችል ነገረኝ። ስለ ዓሣ ዘይቱም ቫይታል የሚባል ጥናት ጠቀሰልኝ፣ ማታ ገብቼ አየሁት፤ አሜሪካ ውስጥ ከ25,000 በላይ ሰው ላይ ተደርጎ በፈረንጆቹ 2018 የታተመ ነው፤ በቀን 1 ግራም ኦሜጋ 3 የወሰዱት ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና ከልብ የሚመጣ ሞት አንድ ላይ ሲቆጠር ካልወሰዱት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም። «ተፈጥሮ ከፈለግህ ገብሱ፣ ምስሩ፣ ተልባው እናትህ ጓዳ አለ፤ ጨው ብቻ ይቀነስላት፣ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች» አለኝ። በዚያ ብር እኮ የሰኞ ገበያን ነጭ ሽንኩርት በጆንያ አራግፌ እመጣ ነበር።

ዛሬ ያልተከፈቱትን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ የለም፣ እርስዎ የለም። «አንተ፣ ምን ፈለግህ?» ነው ያለችኝ ያቺው ልጅ። ኃላፊ የተባለችዋ ማስቲካዋን እያኘከች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ ጠርሙሱን ተቀበለችኝ። አዞረችው፣ ረጅም ቀይ ጥፍሯን ከጀርባው ባለች የጉንዳን እግር የምታክል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ አሳረፈችና ተረጎመችልኝ፦ ይህ ምርት የትኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም። «ምግብ ነው የሸጥንልህ። ምግብ ደግሞ አይመለስም።»

«መድኃኒቱን ይተዉት ያላት ማነው ታዲያ?» አልኩ ወደ ልጅቷ ዞሬ።

«እኔ? እኔ እኮ ማርኬቲንግ ነኝ።» ሳቀች። ጋዋኑን እንደለበሰች ነው የሳቀችው። ማሽናችሁ ውሸት ነው፣ እጇ ሳይነካው ነው የቆጠረው ብዬ ጮህኩ። ያኔ ሳቋን አቆመችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አይተህ የለ እንዴ፣ ለምን ያኔ አልተናገርክም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት እናቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ለነሱ እንኳን አንድ ቃል ሳልናገር ደረጃውን ወረድኩ፤ እሱም እየቆጨኝ ነው ይህን የምጽፈው።

በአጭሩ፦ የደም ቅባት በደም ይለካል እንጂ መዳፍ ላይ አይነበብም። ሐኪም ያዘዘውን ክኒን ሐኪም ሳይነግራችሁ እንዳታቆሙ። ደረሰኝ የማይቆርጥ ቤት ብር አትላኩ፤ ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ላይ አለ። እኔ ይዤ የምከስበት አንዲት ብጣሽ የለኝም።

ማታ ደውዬላት ነበር። ያለቀውን ጠርሙስ አጥባ ጥቁር አዝሙድ ጨምራበታለች፣ «ክዳኑ ግጥም ይላል» አለችኝ። ብሩን መለሱልህ ወይ ስትል እየተነጋገርን ነው አልኳት። እጇን ከዘንጉ ላይ ማንሳቷን አታስታውስም። እኔም አልነገርኳትም።