100,000 ብር ለመቀበል የፈረምኩት ወረቀት 272,000 ብር አሳጣኝ

ትናንት እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች ፊት ተቀምጬ ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተነሳሁት። ደብረ ማርቆስም ሁኑ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምም ሁኑ ቡሬ፣ መኪና ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ አንብቡት።

በጥር 2015 ነው። ከማርቆስ የጫንኳቸውን ሰዎች አማኑኤል አድርሼ፣ የመጨረሻዋን እናት ላወርድ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሴትዮዋ ወርደው ዘንቢላቸውን ተቀብለውኝ ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ፣ ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ከኋላ መጥቶ ዶልፊን ሚኒባሴን ገጨው። የኋላ በሩ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ገባ። ሻንሲው ተጣመመ። ሰው አለመጎዳቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ለካ፣ ፕላን አነሳ። ጥፋቱ የአይሱዙው ሾፌር ሆነ፤ «ርቀትን ጠብቆ ባለማሽከርከር» ተብሎ ተጻፈ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት መኪና ተጋጭቶ የማንኛው ጥፋት እንደሆነ ካልተረጋገጠ ሕጉ ጉዳቱን እኩል ነው የሚያካፍለው። የእኔ ግን ጥርት ያለ ነበር። ቆሜ ነው የተገጨሁት።

ከ3 ጋራዥ ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። ትንሹ 372,000 ብር አለ። ሻንሲ ማቅናት፣ ላሜራ፣ ቀለም፣ ከሶማሌ ተራ የሚመጣ የኋላ በር። እኔ ሙሉ ኢንሹራንስ የለኝም። እንደ ብዙዎቻችን ሕጉ ስለሚያስገድድ ብቻ ሶስተኛ ወገን ነው የገባሁት፤ እኔ በሌላ ሰው ላይ ለማደርሰው ጉዳት ብቻ የሚከፍለውን ማለቴ ነው። ስለዚህ የራሴ ኢንሹራንስ ለራሴ መኪና አምስት ሳንቲም አይከፍልም። የአይሱዙውም ሶስተኛ ወገን ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ያኔ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው የክፍያ ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። አዋጁ ሲወጣ 100,000 ብር ምን ይገዛ እንደነበር፣ ዛሬ ምን እንደሚገዛ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ቀሪው 272,000 ብር የማን ዕዳ ነው? የባለአይሱዙው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፣ መሪውን ሌላ ሰው ቢይዘውም። ሰውየውም መጀመሪያ ላይ አልካደም። የካቲት ውስጥ ሽማግሌ ልኬበት፣ በ3 ሽማግሌዎች ፊት «ኢንሹራንሱ የሚከፍለውን ይክፈል፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አለ። አመስግኜ፣ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሜ ወጣሁ። ይጻፍልኝ አላልኩም። በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ይታጠፋል ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያ የኢንሹራንስ ቢሮው። የሱን ኢንሹራንስ ማለቴ ነው። እንዲህ ያለውን ቢሮ ታውቁታላችሁ። ፕሪሚየም ልትከፍሉ ስትሄዱ ወንበር ይሳብላችኋል። ክሌም፣ ማለትም ካሳ ስትጠይቁ ግን «ሰኞ ና»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ጉዳቱን የገመተው ሰርቬየር ሪፖርቱን አላስገባም»። ከጥር እስከ መጋቢት ተመላለስኩ። በመጨረሻ «ቼክህ ደርሷል» ተብሎ ተደወለልኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ያቺን ሰዓት ደጋግሜ ሳስባት ነው ያደርኩት። ክሌም ክፍል ያለው ልጅ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ቼኩን ከመሳቢያው አውጥቶ እኔ እንዳየው አድርጎ ከራሱ ክርን ስር አስቀመጠው። ቀጥሎ 3 ገጽ ወረቀት አመጣ። ገለጥ ገለጥ እያደረገ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም ፈርም» አለኝ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«100,000 ብር መቀበልህን ነው።»

«ቀሪውን ከባለመኪናው ነው የምጠይቀው። ይሄ ችግር አያመጣብኝም?»

ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «እሱ ሌላ ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም። ፈርም፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ሁለተኛውን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ያዘብኝ። «ወንድሜ፣ ቁጭ ብለህ ልታነበው ነው? ቼኩን ትፈልጋለህ አትፈልግም?» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ሳቀች። ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። አፈርኩ። የ46 ዓመት ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ በዚያች ልጅ ሳቅ አፍሬ ፈረምኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አላስገደዱኝም፣ አልደበደቡኝም። አሳፈሩኝ፣ ፈረምኩ። ኮፒ ስጠይቅ «ፋይል ላይ ነው የሚቀመጠው» ብሎ ቼኩን ሰጠኝ።

ቼኩን መንዝሬ በቀጥታ ለጋራዡ ቀብድ አስያዝኩ። ሥራው ተጀመረ። ቀሪውን ባለአይሱዙው ሲከፍል ይጨርሱልኛል ብዬ።

ትናንት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ፕሮፎርማውን አወጣሁ፣ 272,000 ብር ቀርቷል አልኩ። ባለአይሱዙው ምንም አልተናገረም። ከኮቱ የውስጥ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ለሽማግሌው ሰጠ። ለእኔ የተከለከለው ኮፒ ነው። እሱ ጋ እንዴት እንደደረሰ እናንተው ፍረዱ።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። «በደረሰው አደጋ ምክንያት ከኢንሹራንስ ድርጅቱም ሆነ ከመድን ገቢው ላይ ወደፊት ምንም ዓይነት ተጨማሪ ጥያቄ ላላቀርብ ተስማምቼ፣ ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ ተቀብያለሁ።» ከሥሩ የእኔ ፊርማ።

«መድን ገቢው ማለት ማን ነው፣ የኔታ?» አልኳቸው። ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሌላ ሰው ይሆን ብዬ ነው።

«እሱ ነው፣ ልጄ» አሉኝና በአገጫቸው ወደ ባለአይሱዙው አመለከቱ።

ሰውየው «እኔ ቃሌን አላጠፍኩም፤ ራሱ ጨርሻለሁ ብሎ ፈርሟል» አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «ፊርማ ካለ እኛ ምን እንላለን?» አሉ። ተነስተን ወጣን።

ዛሬ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት እኔ በር ላይ ነበርኩ። ለልጁ «ችግር አያመጣም ብለኸኝ አልነበረም ወይ?» አልኩት። «እኔ እንደሱ አላልኩም። እኛን አይመለከትም ነው ያልኩት» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ማንበብ ትችል የለ እንዴ? ለምን አላነበብከውም?» አለኝ። እጄ ላይ የነበረውን ወረቀት ነጥቆ የያዘ ሰው ነው ይሄን የሚለኝ። ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። «ፎርሙ የተለመደ ነው፣ ለሁሉም የምናስፈርመው ነው» ብሎ ስልኩን አነሳ።

ልቤን የሚያቃጥለው አንድ ነገር አለ። ከጣሪያው በላይ ያለው ገንዘብ የድርጅቱ አይደለም። እኔ ባለአይሱዙውን ብከስ ባልከስ ለእነሱ አንድ ሳንቲም አይጨምርባቸውም፣ አይቀንስላቸውም። የእነሱ ዕዳ 100,000 ብር ላይ አልቋል። ታዲያ የእኔን በር ለምን ዘጉት? ሰውየው ደንበኛቸው ነው። ከአንድ በላይ መኪና አለው፣ በየዓመቱ ፕሪሚየም ይከፍላል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን መጥቼ የምሄድ ሰው ነኝ። የደንበኛቸውን ዕዳ በእኔ እጅ፣ በእኔ ፊርማ ሰረዙለት።

ለአንድ ጠበቃ አሳየሁት። እንዲህ ያለ ስምምነት በተፈራረሙት መካከል እንደ ፍርድ ነው የሚጸናው አለኝ። በማታለል የተገኘ ፊርማ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ግን መታለሌን የማስረዳው እኔ ነኝ። ማን ይመሰክርልኛል? የሳቀችው ልጅ?

መኪናዬ ጋራዥ ውስጥ ግማሹ ተፈቶ ቆሟል። ያለብኝ ብድር ወርሃዊ ክፍያው ደርሷል። መኪናው ቆሞ የቀረብኝን የ2 ወር ገቢ እንኳን ከሰውየው መጠየቅ እችል ነበር። እሱም በዚያችው መስመር ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ጉዳታችሁ ከጣሪያው በላይ ከሆነ ቼኩን ስትቀበሉ «ከመድን ገቢው» የሚለውን አሰርዙ። «ከጣሪያው በላይ ያለውን ከባለንብረቱ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉበት። እምቢ ካሉ ሳትፈርሙ ውጡ፣ ጠበቃ ይዛችሁ ተመለሱ። ኮፒ ሳትይዙ አትነሱ። ባለመኪናው በሽማግሌ ፊት ቃል ከገባ ያኔውኑ ይጻፍ፣ ይፈረም። ክስ ለመመሥረት ያላችሁ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። በሽምግልና ምልልስ አይለቅባችሁ።

ጠበቃው ተመሳሳይ ነገር የደረሰበት ሌላ ሰው ባገኝ ለክርክሩ ይጠቅመኛል ብሏል። ማርቆስ ውስጥ ክሌም ክፍል ገብታችሁ፣ ሳታነቡ 3 ቦታ ፈርሙ የተባላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ረቡዕ ጠዋት ጠበቃው ጋ ነኝ።