የእናት ጓዳ እና የስልክ ቪዲዮ፦ ወጥ መሥራትን ከየት እንማር?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ወጥ መሥራት የሚጀምር ወጣት ዛሬ ሁለት መምህራን አሉት፤ አንደኛው የእናቱ ጓዳ፣ ሁለተኛው የስልክ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው መጠኑን በግልጽ ይናገራል፣ ተመልሶም ይታያል፤ ከቤተሰቡ ርቆ ለሚኖር ተማሪ ትልቅ እርዳታ ነው። የሚሰጠው ደቂቃ ግን በሁሉም ቦታ አይሠራም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በመሆኑም ሽምብራም ሆነ ሥጋ በቆላማ ከተማ ከሚፈጀው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

በጓዳ ውስጥ ሰዓት አይታይም። ለዶሮ ወጥ የተከተፈው ሽንኩርት ያለ ቅባት በዝግታ ሲቁላላ፣ ውሃውን ጨርሶ ድስቱን መያዝ ሲጀምር፣ እናት ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረገች ታማስለዋለች፤ በርበሬው ከገባ በኋላም ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አትቸኩልም። ልጅ ይህን የሚለየው በአፍንጫው ነው፤ ሽታን ደግሞ የትኛውም ቪዲዮ አያስተላልፍም። ጓዳው ወንዶች ልጆችን ለረጅም ዘመን ከምድጃ ማራቁ ግን እጅግ ያሳዝናል።

ስለዚህ ጀማሪ ቁሌቱን ከእናቱ ጎን ቆሞ ቢማር፣ የሌላ አገር ምግብን ግን ከቪዲዮ ወስዶ ቅመሙን በራሱ ምላስ ቢያስተካክል እመርጣለሁ።