ኦክስጅን ሲያጥር፦ ደም ማቅላት ወይስ ጭልጥ ብሎ መተኛት?

ዳፍኒያ ከጥቂት ሚሊሜትር የማትበልጥ የኩሬ እንስሳ ናት። ሰውነቷ እንደ ብርጭቆ ያሳያል፤ በማይክሮስኮፕ ልቧ ሲመታ ይታያል። ኦክስጅን ሲያጥር መጀመሪያ የልቧ ምት ይፈጥናል። እጥረቱ ከቀጠለ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመውን ቀይ የደም ፕሮቲን፣ በብዛት ታመርታለች፤ መጠኑ ከ10 እጥፍ በላይ ሊጨምር ይችላል። ቀናት ይፈጃል እንጂ ያቺ ብርጭቆ የመሰለች እንስሳ ቀስ በቀስ ትቀላለች። ያኔ በትንሽ ኦክስጅንም ትዋኛለች፣ ትበላለች፣ ትራባለች። ችግሩ፣ ቀይ ነገር ለዓሣ ዓይን ቶሎ ይጋለጣል። ከመታፈን ተርፎ መበላት!

አርቴሚያ የምትባለውስ? እሷም ትንሽ እንስሳ፣ ግን የጨው ውሃ ነዋሪ ናት፤ በአሜሪካው ታላቁ የጨው ሐይቅ በሽ በሽ ናት። አዋቂዋ እሷም ሄሞግሎቢን ታመርታለች። የሚገርመው ግን ጠንካራ ቅርፊት ያለው እንቁላሏ ነው። ኦክስጅን ጭራሽ ሲጠፋ ውስጡ ያለው ጽንስ ሥራውን ሁሉ ያቆማል ማለት ይቻላል። በላቦራቶሪ፣ ኦክስጅን በሌለው ውሃ ውስጥ 4 ዓመት ገደማ ቆይተው የተፈለፈሉ አሉ። ሌሎች ፕሮቲኖች እንዳይበላሹ ዘብ የሚቆሙ ልዩ ፕሮቲኖች ለጽንሱ በገፍ አሉት።

ለእኔ የአርቴሚያ ዘዴ ይበልጣል። ግን የሚሠራው ለጽንሱ ብቻ ነው። አዋቂዋ እንዲህ ልተኛ ብትል አትነቃም።