ዊንዶው ከታደሰ በኋላ ፒዲኤፍ አልከፍት ሲል፦ ሱማትራ፣ ሪደር ወይስ የሱቁ ክራክ?

«ዊንዶው 11 አስጫንኩ፣ ፒዲኤፍ አልከፍት አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ለቸኮለ ሰው መልሴ፦ ለማንበብ ሱማትራ ፒዲኤፍ የሚባለው ፕሮግራም።

እኔ እዚህ የደረስኩት ብሬን በልቼ ነው። ላፕቶፔን ያደሰልኝ ልጅ «ኦሪጅናል አክሮባት ፕሮ» (የአዶቤ የፒዲኤፍ ማረሚያ) ብሎ በ600 ብር ከፍላሽ ጫነልኝ። ኦሪጅናሉ እኮ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ነው! የጫነልኝ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ቅጂ ነበር፤ እሱ እንዲሠራ አንቲቫይረሱን አጥፍቶት እንደሄደ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ሦስት ሳምንት ሠራ። ዊንዶው አፕዴት ባደረገ ማግስት ከፈት ብሎ ወዲያው የሚዘጋ ሆነ። ልጁ ለማስተካከል ሌላ 300 ጠየቀኝ፤ ከፈልኩ። ተመልሶ ተበላሸ። ድምሩን እናንተ ሥሩት።

ሱማትራ ነጻ ነው፣ ከ20 ሜጋባይት በታች ነው። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚከፈት ስሪትም ስላለው ዊንዶው ቢቀየርም እሱን አይነካውም። የአዶቤ ሪደር ግን ነጻም ቢሆን በመቶዎች ሜጋባይት ይወርዳል፤ ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህም ዋጋ ነው። ብቻ ሱማትራን ከቴሌግራም ቻናል አታውርዱ፣ ከራሱ ድረ ገጽ ውሰዱ። ነጻ ነገር ላይ ቫይረስ መግዛት ምን ይባላል?

ፎርም መሙላትና ዲጂታል ፊርማ ላይ ሱማትራ አያዋጣም፤ እዚያ ሪደር ያሸንፋል። ሪደሩ ከእድሳት በኋላ ነጭ ገጽ ካሳያችሁ «ሄልፕ» ውስጥ ያለውን «ሪፔር ኢንስታሌሽን» ሞክሩ። ካልሆነ በ«ፕሪፈረንስ» በኩል የሴኩሪቲውን ክፍል ከፍታችሁ «ፕሮቴክትድ ሞድ»ን ለሙከራ አጥፉት። በዚያ ከሠራ ችግሩ ታወቀ፤ አዲሱን ስሪት ጫኑና መልሳችሁ አብሩት፣ መከላከያ ነውና።

ኤጅ፣ የዊንዶው ብራውዘርስ? ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ ይከፍታል፣ አንድ ደረሰኝ ለማየት ይበቃል። ካስቸገራችሁ ከሰቲንግ «ዲፎልት አፕስ» ውስጥ ፒዲኤፍን ለሱማትራ ስጡት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር። የአማርኛው ፋይል ተከፍቶ ሳጥን ሳጥን ብቻ ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ ማንበቢያው አልተበላሸም፤ የጎደለው ፎንት ነው። በዊንዶው 7 አብሮ ይመጣ የነበረው ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት፣ ከዊንዶው 10 ወዲህ ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ሆኗል። ሰቲንግ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ግቡና «ኢትዮፒክ ሰፕለመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሩ፤ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። በሳጥን ፈንታ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ከመጣ ደግሞ ሰነዱ እንደ ፓወር ግዕዝ ባለ የድሮ ፎንት ተጽፎ፣ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ሳይካተት ቀርቶ ይሆናል። አንድ ወዳጄ በዚህ ምክንያት ሦስት ማንበቢያ አስቀያይሯል፣ ለእያንዳንዱም ከፍሏል። የላከለትን ሰው ፎንቱን አካትቶ እንደገና እንዲልክለት ሲጠይቀው በአምስት ደቂቃ መጣለት።