ኤምባሲውን መዝጋት ወይስ ሰው ማቆየት?

እኛ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቡና ላይ ይሄ ጉዳይ ሲነሳ ሁሉም ይናገራል። ምክንያቱም ዘመድ ቤይሩት ወይ ሪያድ ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። ጦርነት ሲነሳ መንግሥት ዲፕሎማቶቹን ያውጣ ወይስ ያቆይ?

ያውጣ የሚሉትን እረዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊቢያ ውስጥ ቤንጋዚ ላይ የአሜሪካ አምባሳደር ክሪስ ስቲቨንስና ሌሎች ሦስት አሜሪካውያን ተገደሉ። ቀደም ብሎ ተጨማሪ ጥበቃ ተጠይቆ ስለነበር ኮንግረስ ውስጥ ጭቅጭቁ ለዓመታት አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ1961ዱ የቪየና ስምምነት ኤምባሲን የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ተቀባዩ አገር ነው፤ ያ አገር ራሱ ሲታመስ ግን ወረቀት ጥይት አይመልስም።

ማቆየት ደግሞ ውድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ የናይሮቢና የዳሬሰላም የኤምባሲ ፍንዳታ በኋላ አሜሪካ አዳዲስ ኤምባሲዎቿን ከመንገድ አርቃ፣ ግንባቸውን አጠንክራ ትሠራ ጀመር። እኛ ያ አቅም የለንም።

እኔ ግን ወደ ማቆየቱ አደላለሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ውጊያ ሲጀመር ብዙ አገሮች ዲፕሎማቶቻቸውን በጥድፊያ አወጡ፤ ለቪዛ ፓስፖርታቸውን አስገብተው የነበሩ ሱዳናውያን ግን ሰነዳቸው በተዘጋው ኤምባሲ ውስጥ ተቆልፎባቸው ቀረ፣ መሸሽም ከበዳቸው። ስንት ወገናችንም በመተማ በኩል ወደ አገሩ ገባ። እንዲህ ባለ ሰዓት ለዚያ ሰው የሚያስፈልገው ሊሴ ፓሴ (ፓስፖርት ለሌለው የሚሰጥ ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) የሚሰጠው ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ቤተሰቦች ይውጡ፣ ሕንፃውም ካስፈለገ ይዘጋ። ሁለት የቆንስላ ሠራተኞች ግን ማህተማቸውን ይዘው፣ ስልካቸውን ከፍተው ድንበር ላይ ይቆዩ።