ለቆየ ሌክሰስ ጸጥ ያለ ጎማ፦ ኳይትትራክ፣ ፒዩርኮንታክት ወይስ ክሮስክላይሜት?

ከቆየ ሌክሰስ ጋር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ መኪናው ጸጥ ባለ ቁጥር ጎማው ይጮሃል። የሚሸፍንለት ሌላ ድምፅ የለማ!

የእኔዋ የ2004 ኤልኤስ 430 ናት። 4.3 ሊትሩ ቪ8 ሞተር መነሳት አለመነሳቱን ለማወቅ ጌጁን አያለሁ። ንፋሱም ብዙ አይሰማም፤ ቅርጿ ለዚያ ታስቦ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ኤልኤስ 400 በ1989 አሜሪካ ገበያ ሲገባ በማስታወቂያው ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆዎች ኮፈኑ ላይ ተደርድረው፣ ሞተሩ እየሮጠ፣ አንድም ብርጭቆ አልወደቀም። ልብ በሉ፣ መኪናው ሮለር ላይ ቆሞ ነው የሚሽከረከረው። ሜሪላንድ ውስጥ ዋሽንግተን ዲሲን በሚዞረው ሀይዌይ፣ በቤልትዌይ ላይ አውጥተው ቢሞክሩት ኖሮ ብርጭቆ መግዣ ያስፈልጋቸው ነበር።

የጎማን ነገር የተማርኩት ከፍዬ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ርካሽ ጎማ አራቱንም አስገጠምኩ። መጀመሪያ ላይ ምንም አልነበረውም። ወደ 15,000 ማይል ሲጠጋ ግን ፍጥነት ስጨምር የሚያጉረመርም ነገር መጣ። ባለቤቴ "አውሮፕላን ውስጥ ነን እንዴ?" አለችኝ። ኩሽኔታ ነው ብዬ የፊቱን ኩሽኔታ አስቀየርኩ። ጉርምርምታው እንዳለ ነው። በኋላ እጄን ጎማው ላይ ሳሳልፍ ጥርሱ እንደ መጋዝ ተበልቷል። ሁለቴ ከፈልኩ ማለት ነው።

እናንተ እንዳትከፍሉ ቀላሉን ዘዴ ልንገራችሁ። ኩሽኔታ ከሆነ መሪውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ስታዞሩ ድምፁ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ጎማ ከሆነ ግን ድምፁ የሚለወጠው መንገዱ ሲለወጥ ነው፤ ከኮንክሪት ወደ አዲስ አስፋልት ስትገቡ ዝም ይላል።

ጎማ የሚጮኸው ጥርሱ መንገዱን ሲመታና በፈሩ ውስጥ የታፈነው አየር ሲወጣ ነው። አምራቾቹ ጥርሶቹን ሆን ብለው በተለያየ መጠን ይቆርጧቸዋል። ሁሉም እኩል ቢሆኑ በአንድ ቃና ይዘፍኑ ነበር። ጥርሱ ተዛብቶ ሲበላ ይሄ ዘዴ ይፈርሳል፤ ዘፈኑ ይጀመራል። ስለዚህ አዲስ ጎማ ጸጥ አለ ብላችሁ አትደነቁ፤ አዲስ ሆኖ የማይጸጥ ጎማ ጥቂት ነው። የእኔ ጥያቄ ከ20,000 ማይል በኋላ ምን ይላል የሚለው ነው።

ከብራንዱ በፊት ግን ቁጥሩን እንይ። ኤልኤስ 430 ከ2001 እስከ 2006 ባሉት ሞዴሎቹ በሦስት ዓይነት ቸርኬ ነው የወጣው። 225/60 በ16 ኢንች (ስፋቱ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 60 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለት ነው)፣ 225/55 በ17 እና 245/45 በ18። የሦስቱም ጎማ ጠቅላላ ቁመት 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጎኑ ቁመት ግን ይለያያል። የ16ቱ 135 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ17ቱ 124፣ የ18ቱ 110። በእናንተና በጉድጓዱ መካከል ያለው ላስቲክና አየር ይሄ ነው። ባለ 18 ቸርኬ መኪና ያላችሁ ሰዎች ያልተጣመመ ኦርጅናል ባለ 17 ካገኛችሁ ግዙት። ልዩነቱ ከየትኛውም የብራንድ ለውጥ ይበልጣል። "18ቱ ግን ያምራል" የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። ያምራል፣ አልካድኩም። ወገቡን የሚያመውም እሱን ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። ሦስቱም ለአራቱም ወቅት የሚሆኑ ናቸው። አንዱን በራሴ መኪና፣ ሁለቱን በጓደኞቼ ኤልኤስ ነድቻቸዋለሁ።

የብሪጅስቶኑ ቱራንዛ ኳይትትራክ ስሙ ራሱ ጸጥታ ነው። ልስላሴ ለሚፈልግ ሰው ከሦስቱ ይህን የሚያክል የለም። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ስትሻገሩ የውድሮው ዊልሰን ድልድይ መጋጠሚያዎች አሉ አይደል? እዚያ ላይ የእኔ ጎማ "ድም" ሲል እሱ "ድፍ" ይላል። ድካሙ መሪው ላይ ነው። የኤልኤስ መሪ ድሮም ቀላል ነው። ለስላሳ ጎማ ሲጨመርበት የሀይዌይ መውጫ ላይ በፍጥነት ስትታጠፉ መኪናው እንደ ጀልባ ትንሽ ያዘነብላል። በእርጋታ የሚነዳ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ዋስትናው 80,000 ማይል ነው። ቱራንዛ ኤቨርድራይቭ የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ስለመጣ ኳይትትራክ ስታገኙ መጋዘን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ እዩ።

የኮንቲኔንታሉ ፒዩርኮንታክት ኤልኤስ እኔ የመረጥኩት ነው። ኤልኤስ የሚለው ቅጥያ ከመኪናዬ ስም ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ለዚያ ብዬ አልገዛሁትም። ከኳይትትራክ ትንሽ ጠንከር ይላል። ድልድዩ ላይ ይታወቃል። በምትኩ መሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ዝናብ ላይ ደግሞ መንገዱን ጨብጦ ይይዛል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ዲሲ አካባቢ የሚወርደውን ዶፍ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ድምፁ አዲስ አስፋልት ላይ የለም ማለት ይቻላል። ያረጀ ኮንክሪት ላይ ቀጭን ዝማሬ አለው፤ ሬዲዮ ከተከፈተ አይሰማም። ዋስትናው 70,000 ማይል ነው።

የሚሼሊኑ ክሮስክላይሜት 2 ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። ጥርሱ እንደ ቀስት ወደፊት የጠቆመ ነው። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት አለው፤ በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ማለት ነው። ይሄ ለእኛ መኪና ቀልድ አይደለም፤ ኤልኤስ 430 በኋላ እግር ነው የሚነዳው። በረዶ ላይ እንደ አህያ እምቢ ሲል አይቼዋለሁ። ነገር ግን ያ ቀስት ጥርስ ዋጋ ያስከፍላል። እያለቀ ሲሄድ ይዘምራል፣ ከሁለቱም ይበልጥ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሽከረከርም በተለመደው አሠራር ከግራ ወደ ቀኝ አይዛወርም፤ በአንድ ጎን ከፊት ወደ ኋላ ብቻ ነው። ዋስትናው 60,000 ማይል ነው።

ስለዚህ ማን ምን ይግዛ? ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ሰው ቨርጂኒያ ያለው ደለስ ኤርፖርት ማድረስ ያለበት ሰው በረዶ ጣለ ብሎ ቤቱ አይቀመጥም። እሱ ክሮስክላይሜት ይግዛ፤ ድምፁንም ይልመደው። በረዶ ሲጥል ሻይ አፍልቶ መስኮት ሥር የሚቀመጥ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው፣ ለዚያ ምልክት ጸጥታውን መሸጥ የለበትም። እናትና አባታቸውን ቤተክርስቲያን የሚያመላልሱ፣ ከ65 ማይል የማያልፉ፣ ኳይትትራክ። ብዙ ሀይዌይ የሚነዱና መሪው ሲላላ የሚያናድዳቸው፣ ፒዩርኮንታክት። በሁለቱ መካከል የምትዋልሉ ከሆነ ሪቤት (ከከፈላችሁት ላይ የሚመለስ ገንዘብ) ያለበትን ውሰዱ፤ አትጸጸቱም።

ሌሎችም አሉ። ፒሬሊ ፒ7 ኤኤስ ፕላስ 3 ለፒዩርኮንታክት ጎረቤት ነው፤ ዋስትናውም ያው 70,000። ሚሼሊን ዲፌንደር 2 ረጅም ዕድሜ አለው፣ 80,000፤ ግን እሱን ለካምሪ ባለቤቶች እተወዋለሁ። ውስጣቸው ስፖንጅ የተለጠፈባቸው ጎማዎችም አሉ። ስፖንጁ በጎማው ባዶ ሆድ ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ ይውጣል። ቀዳዳ ሲደፈን ግን ያንን ቦታ መላጥ የግድ ነው፤ ሁሉም ጎሚስታ ደስ ብሎት አይሠራውም። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በጎማው ወረቀት ላይ ያለው የዴሲቤል ቁጥር እንዳያታልላችሁ። የሚለካው ጎማው ወደ ውጭ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ እናንተ የተቀመጣችሁት ውስጥ ነው።

አንድ ሁለት ነገር ሱቁ ውስጥ። ጎማው ከመገጠሙ በፊት ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2325 ካለ በ2025 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። እኔ ከዓመት በላይ የቆየ አልቀበልም። ላስቲክ ተቀምጦም ይደርቃል። ጫናውንና ፍጥነቱን የሚናገረውን ቁጥርና ፊደልም የሹፌሩ በር ላይ ካለው ጽሑፍ አታሳንሱ። 97 ቪ ማለት አንዱ ጎማ 730 ኪሎ ይሸከማል፣ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው። "ኤክስትራ ሎድ" የሚባለውን፣ ለበለጠ ጫና የተጠናከረውን ጎማ ግን መኪናው ካልጠየቀ ተዉት፤ ብዙውን ጊዜ ጎኑ ጠጠር ይላል።

ንፋስ ደግሞ በሱቅ ሰው ግምት አይሞላም። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ በሩ ላይ በተጻፈው ልክ ነው። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው ጎማውን ሲረግም አይቻለሁ። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) በዚያው ቀን አሠሩ፤ ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቁ። የእኔን ርካሽ ጎማ እንደ መጋዝ የበላው አንዱ ምክንያት የአላይመንቱ መዛባት ነበር። ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና ሾክ አብዞርበሩና ከሥር ያሉት ላስቲኮች ደክመው ከሆነ ምርጡም ጎማ ይበላል። በየ5,000 ወይም 6,000 ማይሉም አዟዙሩ፤ ዋስትናውን ስትጠይቁ ማስረጃውን ይፈልጉታል።

አዲስ አበባ የቆየ ማርቸዲስ ያለው የአጎቴ ልጅ "ለእኔስ?" ብሎኝ ነበር። የእሱ 195/65 በ15 ነው፤ የጎኑ ቁመት 127 ሚሊ ሜትር። "አንተ ከእኔ ትሻላለህ፣ ትልቅ ቸርኬ ግጠምልኝ እንዳትል ብቻ" አልኩት። በኮብልስቶን ላይ ባለ 18 መንዳት ራስን መቅጣት ነው። በረዶ ስለሌለም ክሮስክላይሜት አያስፈልገውም። ቀኑን ግን እንዲያነብ አጥብቄ ነግሬዋለሁ።

የእኔዎቹ ፒዩርኮንታክቶች አሁን 22,000 ማይል ሄደዋል። ባለቤቴ አውሮፕላኑን አንስታ አታውቅም። ባለፈው እሑድ ግን ጆሮዋን ወደ ዳሽቦርዱ አስጠግታ "ይሄ ጢቅ ጢቅ የሚለው ምንድነው?" አለች። ሰማሁት። ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ነው። ድሮም ነበረ፤ ጎማው ሸፍኖት ነው።