ፍሎው-3ዲ፣ ኦፕንፎም ወይስ ዱዋልስፊዚክስ? የውሃውን ገጽ በማግኘት ሲነጻጸሩ

የውሃ ሲሙሌሽን ሶፍትዌር ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ከዋጋው በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ ሶፍትዌሩ ውሃው የት አልቆ አየሩ የት እንደሚጀምር የሚያገኘው በምን ዘዴ ነው? የግድብ ማስተንፈሻ (ትርፍ ውሃ የሚወጣበት መውረጃ) የጎን ግድግዳ ቁመት የሚወሰነው በዚያ መስመር ነውና።

እዚህ ከምናነጻጽራቸው ሦስት ሶፍትዌሮች ፍሎው-3ዲ እና ኦፕንፎም ሁለቱም የሚጠቀሙት ኸርትና ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙትን ቪኦኤፍ የተባለ ዘዴ ነው። ቦታው ሜሽ በሚባል መረብ ወደ ትንንሽ ሴሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሴል ከ0 እስከ 1 የሚደርስ የውሃ ድርሻ ይይዛል፤ 1 ሙሉ ውሃ፣ 0 ሙሉ አየር ነው፤ ገጹ የሚያልፈው በመካከለኞቹ ነው። በስሌቱ መሀል የውሃው መጠን አለመጉደሉ ትልቁ ብርታቱ ነው።

ልዩነቱ አየሩ ላይ ይመጣል። ፍሎው-3ዲ በተለመደው አሠራሩ አየሩን ወጥ ግፊት ያለው ባዶ ቦታ አድርጎ ያልፈዋል። ለማስተንፈሻና ለክፍት ቦይ ይህ ፍጥነት ይሰጣል፤ ገጹም ጥርት ብሎ ይወጣል። ላይሰንሱ ግን በክፍያ ነው፤ ቱቦ ውስጥ የታፈነ አየር ካለም ተጨማሪ ሞዴል ይፈልጋል።

በኦፕንፎም ውስጥ ያለው ኢንተርፎም የተባለ ፕሮግራም ግን ውሃውንም አየሩንም ያሰላል። አየር ከውሃ 800 ጊዜ ያህል ስለሚቀል ከገጹ አጠገብ እውነት ያልሆነ ፈጣን የአየር እንቅስቃሴ ይፈጠራል፤ ያኔ ስሌቱ በአንድ ጊዜ የሚራመደው የጊዜ እርምጃ ያንሳል፣ ስሌቱም ይጎተታል። ገጹም በጥቂት ሴሎች ላይ ይደበዝዛል። ኢንተርአይሶፎም የተባለው ሌላው የኦፕንፎም ፕሮግራም ይህን ብዥታ በደንብ ያጠራዋል፤ እኔ ከእርሱ እንዲጀመር እመክራለሁ። ኦፕንፎም በነጻ ይገኛል፤ ሆኖም ከሊኑክስ ትእዛዝ ጋር መላመድ ይጠይቃል።

ዱዋልስፊዚክስም ነጻ ነው። ሜሽ የለውም፤ ውሃው ራሱ ፓርቲክል (አብረው የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ የስሌት ነጥቦች) ስለሆነ ገጹ ፓርቲክሎቹ የሚያበቁበት ነው። ለሚሰበር ማዕበልና ለሚረጭ ውሃ ከሦስቱ እርሱን አስቀድማለሁ። ሆኖም ጥሩ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ በ3 ዳይሜንሽን የፓርቲክሎቹን ርቀት በግማሽ መቀነስ ደግሞ ስሌቱን 16 ጊዜ ያህል ያከብደዋል። በሰፊ ቦታ ላይ ስስ ሆኖ ለሚፈስ ውሃ አይመከርም።

ሥራዎ ትንንሽ አረፋና የገጽ ውጥረት ከሆነ ፍሉየንት የተባለውን ሌላ ሶፍትዌር ይመልከቱ። ሌቭል ሴት የተባለውን ሌላ የገጽ ማግኛ ዘዴ ከቪኦኤፍ ጋር ያጣምራል፤ ሌቭል ሴት የገጹን ጥምዝ በጥራት ይሰጣል፣ ብቻውን ሲሠራ ግን ውሃ ያጎድላል።

ለግድብ ሥራ በጀት ያለው ቢሮ ፍሎው-3ዲን፣ ተመራማሪ ተማሪ ኦፕንፎምን ቢይዝ ይሻላል። በደረጃማ ማስተንፈሻ ላይ ግን ሁለቱም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ውሃው አረፋ ስለሚሆን በላብራቶሪ ብዙ ጊዜ እንደ ገጽ የሚወሰደው አየሩ 90 በመቶ የደረሰበት ከፍታ ነው፤ በሲሙሌሽን ግን የተለመደው 0.5 የውሃ ድርሻ ነው። ከላብራቶሪ ልኬት ጋር ለማመሳከር በኦፕንፎም የውሃ ድርሻው 0.1 የሆነበትን (አየሩ 90 በመቶ የሆነበትን) መስመር ያውጡ፤ በፍሎው-3ዲ ደግሞ በቅድሚያ የአየር መቀላቀል ሞዴሉን ያብሩ።